ዋናው ፎቶ ጓዳ፣ ቅጂው ሳሎን

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ ከሞላ ጎደል ስለ ፎቶ አልበም ናቸው። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ፣ በራሳችሁ ዶሜን አልበም መክፈት የጀመራችሁ ብዙ ናችሁ፣ ደስ ብሎኛል። አምስቱን መርጫለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የኮንፊግ (ሰርቨሩ የሚመራበት የማስተካከያ ፋይል) ቃላቱን እንደሚነበቡ አድርጌ በግዕዝ ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ፋይሉ ውስጥ ስታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ብዙ ቃል ያላቸው አብዛኞቹ ደግሞ በመሀላቸው ባዶ ቦታ ሳይሆን የታች ሰረዝ አላቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰርግና ምረቃ ነው የማነሳው። ደንበኞቼ ቤታቸው ሆነው እንዲመርጡ ብዬ ሰርቨር ተከራየሁና አልበም ጫንኩበት፤ ኢንጂንኤክስ እና ፒኤችፒ ነው። አንዳንዱ ፎቶ 413 የሚል ስህተት ያመጣል። አንዳንዱ ምንም ሳይል ይጠፋል። 60 ፎቶ በአንዴ ስልክ 20ው ብቻ ይገባል። ሰርቨሩን ያከራየኝ ሰው «ኢንተርኔትህ ነው» ይለኛል። እውነት ኢንተርኔቴ ነው? (ፎቶ አንሺው፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ኢንተርኔትህ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን 13 ላይ፣ ሌላ ቀን 41 ላይ ነበር የሚቆመው። ሁልጊዜ 20 ላይ የሚቆም ነገር አንድ ቦታ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ፎቶህ ከኮምፒውተርህ ተነስቶ አልበሙ ውስጥ እስኪገባ ሦስት በር ያልፋል። በእያንዳንዱ በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኞቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም።

የመጀመሪያው በር ኢንጂንኤክስ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም። ምንም ካላልከው ከ1 ሜጋባይት በላይ አያስገባም። 413 የምትለዋ እዚህ ነው የምትመጣው። መስመሩ ክላየንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ ይባላል።

ሁለተኛው በር ፒኤችፒ ነው፣ አልበምህ የተጻፈበት ቋንቋ፤ እሱ ሦስት ቁጥር አለው። አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ የአንድ ፋይል ልክ ነው፣ ሳትነካው 2 ሜጋባይት ነው። ፖስት ማክስ ሳይዝ የጠቅላላው ጭነት ልክ ነው፣ 8 ሜጋባይት። ማክስ ፋይል አፕሎድስ የፋይሉ ብዛት ነው፣ እሱም 20። ያንተዋ 20 እሷ ናት። ምንም ሳይል የሚጠፋው ደግሞ የፖስት ማክስ ሳይዝ ነገር ይመስለኛል፤ ጭነቱ ከዚያ ሲያልፍ ፒኤችፒ ለአልበሙ ባዶ እጁን ነው የሚያደርስለት። ፋይልም የለም፣ ቅሬታም የለም። አልበሙ ምንም እንዳልተላከለት ነው የሚያስበው።

ሦስተኛው በር ሜሞሪ ነው። እሱን ገና አልደረስክበትም፣ ሁለቱን ስትከፍት ግን ያገኝሃል። ፎቶ ዲስክ ላይ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። ትንሿን ቅጂ ለመሥራት ግን ሰርቨሩ መጀመሪያ ሙሉውን ይዘረጋዋል፤ ሲዘረጋ አንዷ ነጥብ (ፒክስል) 4 ባይት ትይዛለች። 6000 በ4000 የሆነ የካሜራ ፎቶ 24 ሚሊዮን ነጥብ ነው፣ ስለዚህ 96 ሜጋባይት ይሆናል። የፒኤችፒ የተለመደ ሜሞሪ ሊሚት 128 ሜጋባይት ነው። ሌላ ሥራ ሲጨመርበት ይሞላል። ያን ጊዜ ፎቶው ይገባል፣ ትንሿ ምስል ግን ባዶ ሆና ትቀራለች። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ አልበሙ ተበላሸ ብሎ እንደገና ይጭናል፣ ቀኑን ሙሉ ለፍቶም እዚያው ይመለሳል።

ቁጥሮቹን ከውጭ ወደ ውስጥ እያጠበብክ ሂድ። እኔ ብሆን ኢንጂንኤክስን 220፣ ፖስቱን 200፣ የአንዱን ፋይል 40 ሜጋባይት፣ ብዛቱን 100 አደርገዋለሁ። ሰርቨርህ 2 ጊጋባይት ራም ካለው ሜሞሪ ሊሚቱን 512 አድርገው። ከሰርቨርህ ፊት ለፊት ክላውድፍሌር የሚባለውን አማላጅ፣ ነፃ አገልግሎቱን ካስቀመጥክ እሱም በአንዴ ከ100 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፣ ስለዚህ አንዱ ጭነት ከዚያ እንዳያልፍ ፎቶዎቹን ከፋፍለህ ላክ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ኡቡንቱ በሚባለው የሰርቨር ሲስተም ላይ የፒኤችፒ ቁጥሮች የሚጻፉበት ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ የሚባለው ፋይል አንድ አይደለም። አንዱ ለትእዛዝ መስኮቱ ነው፣ አንዱ ለዌብ፤ የዌቡ ኤፍፒኤም በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። የመጀመሪያውን አስተካክለህ ሁለተኛውን ከረሳህ ምንም አይለወጥም። ካስተካከልክ በኋላ ኢንጂንኤክስን ሪሎድ፣ ኤፍፒኤሙን ሪስታርት አድርግ። ካላደረግክ አዲሱን ቁጥር አያነብም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሰርቨሩን ማሳያ እንጂ ማከማቻ አታድርገው። ሜሞሪ ካርዱን የምታጠፋው ፎቶው ቢያንስ ሁለት ሌላ ቦታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። የሰው ሰርግ ተመልሶ አይነሳም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ትቶልን ያለፈውን የቤተሰብ ፎቶ በሙሉ ስካን አድርጌ አልበም ሠራሁ። እዚህ ስከፍተው ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ደሴ ያለችው እናቴ ጋ ግን ፎቶው እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ይወርድና መሀል ላይ ይቆማል። «ልጄ፣ የአባትሽ ግንባሩ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። ፓኬጇም ወዲያው ያልቃል። ምን ላድርግ? (ልጅቷ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽ አባትሽን ሙሉውን ያያሉ፣ ብዙ ሥራም የለውም።

እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ለእናትሽ ስልክ የምትልኪው ዋናውን ስካን ነው። አንዱ 6 ሜጋባይት ቢሆንና ገጹ ላይ 40 ፎቶ ቢኖር 240 ሜጋባይት ነው። አንድ ገጽ ለመክፈት ብቻ። አንቺ በቤትሽ ዋይፋይ አይሰማሽም፣ እሳቸው በሞባይል ዳታ ናቸው።

ዋናው ፎቶ ጓዳ ይቀመጥ፣ ሳሎን የሚወጣው ቅጂው ይሁን። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ቅጂ ይበቃል። አንዷ 300 ነጥብ ስፋት ያላት ለዝርዝሩ፣ 20 ኪሎባይት አካባቢ። ሌላዋ ረጅሙ ጎኗ 1600 የሆነ፣ ሲነኩት የሚከፈተው፣ 300 ኪሎባይት አካባቢ። ያኔ 40 ፎቶ ያለው ገጽ ከ1 ሜጋባይት በታች ይሆናል። ፒዊጎ የሚባለውን የመሳሰሉ የአልበም ሶፍትዌሮች ይሄን ራሳቸው ይሠሩታል፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ዋናውን ማሳየቱን መዝጋት ብቻ ነው።

እንደ መጋረጃ የሚወርደው ነገር መድኃኒት አለው። ተራው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ጄፔግ ግን መጀመሪያ ሙሉውን ፊት ደብዘዝ አድርጎ ያመጣና እየጠራ ይሄዳል። መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ግንባር ሳይሆን ሰው ነው የሚታየው። ቅጂዎቹን የሚሠራው ሶፍትዌር ላይ ይሄን ምርጫ ፈልጊው።

ቀጥሎ ሰርቨሩ ለስልኩ «ይሄን ፎቶ አስቀምጠው፣ ነገ ደግመህ አትጠይቀኝ» እንዲለው አድርጊ። ኢንጂንኤክስ ላይ ኤክስፓየርስ ብለሽ 30 ቀን ትጽፊለታለሽ። እናትሽ ያንኑ ፎቶ በሳምንቱ ቢከፍቱት ከስልካቸው ነው የሚመጣው፣ ከፓኬጃቸው አይቀነስም። ፎቶውን ካዞርሽው ወይም ካስተካከልሽው ግን ስሙን ቀይሪው፤ ያለዚያ አሮጌው ነው የሚታያቸው። ጋዚፕ የሚባለው የሰርቨር መጭመቂያ ለፎቶ ጥቅም የለውም። ጄፔግ ቀድሞውንም የተጨመቀ ነው፣ ሰርቨሩን በከንቱ ማድከም ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኤችቲቲፒ 2 የሚባለውን አዲሱን የመላኪያ መንገድም ክፈቺው። ትናንሾቹን 40 ምስሎች በአንድ መስመር አከታትሎ ይልካቸዋል። ብራውዘሮች የሚቀበሉት ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው ግንኙነት) ሲኖር ብቻ ስለሆነ ሰርተፊኬት ያስፈልግሻል። ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይገኛል፣ ለ90 ቀን ነው፣ ራሱን እንዲያድስ አድርገሽ ትተዪዋለሽ። ሰርቨሩን እንደ አዲስ የምትከራዪ ከሆነ ደግሞ ከአሜሪካ ይልቅ አውሮፓ ያለውን ምረጪ፣ ለደሴ ያ ይቀርባል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምርና ይቅርታ። የፎቶዎቹን ጀርባም ስካን አድርጊ። ድሮ ቀኑም፣ ቦታውም፣ «ለማስታወሻነት ይሁንሽ» የሚለውም በብዕር የሚጻፈው እዚያ ነበር። የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ እዚያ ሊኖር ይችላል። የጀርባውን ጽሑፍ ከፎቶው ሥር መግለጫ አድርገሽ አስገቢው፣ የማይነበበውን እናትሽን ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የኮምፒውተሩ ሥራ የኔ ነው። አልበማችን አፓቺ ላይ ነበር፣ ከሁለት ወር በፊት ፍጥነት ፈልጌ ወደ ኢንጂንኤክስ አዛወርኩት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ እያለቀሰች ደወለች። የይለፍ ቃል ያለው አልበሟ ውስጥ ያለ ፎቶ የሥራ ባልደረባዋ ስልክ ላይ ነበር። ስሞክረው የሊንኩን የመጨረሻ ቁጥር እየቀየርኩ የሁሉንም ደንበኛ ፎቶ ያለ ይለፍ ቃል ማየት ቻልኩ። ምን አጠፋሁ? (የስቱዲዮው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ዝጋው፣ ከዚያ ታነበዋለህ። ዋናዎቹ ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር ኢንጂንኤክስ ላይ ሩት ብለህ ከሰየምከው ቦታ (ለውጭ ሰው ከሚከፈተው ፎልደር) ውጪ አዛውረው። አልበሙ ለጥቂት ሰዓት ይሰበራል። ይሰበር።

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ። እንደ ኢንጂንኤክስ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም በሆነው በአፓቺ ላይ ፎልደሩን የሚጠብቀው ነጥብ ኤችቲአክሰስ የምትባል ትንሽ ፋይል ነበረች። ብዙ የአልበም ሶፍትዌሮች ሲጫኑ ራሳቸው ያስቀምጧታል፣ አንተ መኖሯንም ላታውቅ ትችላለህ። ኢንጂንኤክስ ይቺን ፋይል አያነባትም። ጨርሶ። ዕቃውን ስታዛውር እሷም አብራ መጥታለች፣ ቁልፉ ግን በሩ ላይ የለም። አልበሙ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው በራሱ ገጽ ለሚገባ ሰው ነው። የፎቶውን ቀጥተኛ ሊንክ የያዘ ሰው አልበሙን ሳያየው በጎን ያልፋል። አፓቺ ላይ ያላችሁም አትዘናጉ። ከ2.4 ጀምሮ አላው ኦቨርራይድ የሚባለው መስመር ካልተከፈተ አፓቺም ያቺን ፋይል ይዘላታል።

ፎልደሩን ከሩት ካወጣህ በኋላ አልበሙ አዲሱን ቦታ እንዲያውቀው አድርግ። ሶፍትዌሩ ይሄን የማይፈቅድ ከሆነ ኢንጂንኤክስ ላይ ለዚያ ፎልደር ሎኬሽን (ለአንድ አድራሻ ብቻ የሚሠራ የትእዛዝ ክፍል) ክፈትና ውስጡ ኢንተርናል ብለህ ጻፍ። ኢንተርናል ማለት ከውጭ የመጣ ጥያቄን አታስተናግድ፣ አልበሙ ራሱ ሲልህ ብቻ ስጥ ማለት ነው። አልበሙም የይለፍ ቃሉን ካረጋገጠ በኋላ ኤክስ አክሰል ሪዳይሬክት በሚባለው መንገድ ፎቶውን እንዲያቀርብ ለኢንጂንኤክስ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ አንዴ እኔም የወደቅኩባት ነገር አለች፣ በደንብ አንብባት። ለፍጥነት ብለህ «በጄፔግ የሚያልቅ ሁሉ 30 ቀን ይቀመጥ» የሚል ሎኬሽን ጽፈህ ይሆናል። ያ መስመር በሬጀክስ ነው የሚጻፈው፤ ሬጀክስ ማለት ስም በስም ሳይሆን በስም መልክ የሚፈልግ አጻጻፍ ነው። ኢንጂንኤክስ ደግሞ ሬጀክሱ ከተገጣጠመለት ተራውን የፎልደር ሎኬሽን ትቶ ሬጀክሱን ነው የሚከተለው። የከለከልከው ፎልደር ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ በጄፔግ ስለሚያልቅ ክልከላህ ከነጭራሹ አይነበብም። ለፍጥነት የጻፍከው መስመር የቆለፍከውን በር ከፈተው ማለት ነው። መፍትሔው ከፎልደሩ ስም በፊት ^~ የምትለዋን ምልክት ማስገባት ነው። ይሄን ካገኘህ ሬጀክስ አትፈልግ ማለት ናት። የግል አልበሞች ላይም «ይቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ ፕራይቬት አድርገው፣ መሀል ላይ ያለ ሌላ ሰርቨር ኮፒ እንዳይዝ።

ከዚያ ፈትሽ። አልበሙ ውስጥ ባልገባህበት ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ የአንድ ዋና ፎቶ ቀጥተኛ ሊንክ ክፈት። 403 ወይም 404 ካየህ ተዘግቷል። ፎቶ ካየህ አልተዘጋም። በኮንፊጉ ማማር አትመን፣ ዓይንህን እመን። ኮንፊጉን በነካህ ቁጥር ይሄን ድገመው።

ለጉግልና ለመሰሎቹ «እዚህ አትግቡ» በሚለው ፋይል፣ በሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ ውስጥ ፎልደሩን መጻፍ መቆለፍ አይደለም። እሷን ፋይል ማንም ከፍቶ ያነባታል፣ እንዲያውም ዕቃው የት እንዳለ ትጠቁማለች። ጉግል ላይ የወጣ ካለ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ እንዲነሳ ጠይቅ። ያ ለ6 ወር ያህል ነው የሚሠራው፣ በዚህ መሀል ግን በሩ ስለተዘጋ ተመልሶ አይገባም። የፋይሎቹንም ስም ከ1፣ 2፣ 3 አውጥተህ ረጅምና የማይገመት አድርገው።

ለደንበኞቹም ንገሯቸው። ሙሽራዋን ብቻ ሳይሆን ፎቷቸው በእነዚያ ሁለት ወራት እዚያ የነበረውን ሁሉ። ባለቤቱ ላይስማማ ይችላል። ግን ፎቶው የእነሱ ነው፣ ማወቅ አለባቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአልበሜን ርዕሶች በአማርኛ ነው የምጽፈው። አንዳንዱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል፣ ፎቶው ላይ የሚያርፈው የስቱዲዮዬ ስም ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። አማርኛ አይቻልም ማለት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ሳጥን ካየህ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ፎንት ነው የጠፋው። ስሙን ፎቶው ላይ የሚያትመው ሰርቨሩ ነው፣ እሱ ጋ የግዕዝ ፎንት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫንና የአልበሙ ሴቲንግ ላይ እሱን ምረጥ።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ይከፋል። ዳታቤዙ በላቲን ፊደል ነው የተከፈተው፣ ግዕዙን መያዝ ሲያቅተው ጥሎት በምትኩ የጥያቄ ምልክት አስቀምጧል። የተጣለው አይመለስም። ሠንጠረዦቹን የዓለምን ፊደል ሁሉ ወደሚይዘው አጻጻፍ፣ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይርና ርዕሶቹን እንደገና ጻፋቸው።

የፋይሉን ስም ግን በአማርኛ ባትጽፈው እመክርሃለሁ። ለአማርኛ ንቀት የለኝም፣ ምክንያቱ የቦታ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ይይዛል። ሊነክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ልክ በተለምዶ 255 ባይት ነው፣ 85 ፊደል ላይ ያልቃል ማለት ነው። ሊንክ ሲሆን ደግሞ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። 20 ፊደል ያለው ስም ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈው 180 ምልክት የሚያክል የማይነበብ ጅራት ይዞ ይመጣል። ፋይሉን በቁጥር፣ ርዕሱን በአማርኛ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ጎንደር ላይ ጥምቀትን አብረን አነሳን። አልበሙ በሰዓት ሲደረድረው ተምታታ። እኔ በጠዋት ያነሳሁት ጸበል መርጨቱ እሱ በሌሊት ካነሳው ፊት ይመጣል። ቪዲዮዎቹ ደግሞ ሌላ ቦታ ናቸው። (ከጎንደር)

መልስ፦ ካሜራህን በሀበሻ ሰዓት ነው የሞላኸው፣ የጓደኛህ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያነሳኸውን ካሜራህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ብሎ መዝግቦታል። አልበሙ ያመነው የተጻፈለትን ነው።

ፎቶ ውስጥ የተመዘገበውን ቀንና ሰዓት የሚያስተካክል ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ያንተን ፎልደር ብቻ ስጠውና ሁሉም ቀንና ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ጨምር በለው። የድሮውን ፋይል ከጎኑ ስለሚያስቀምጥ የዲስክ ቦታ ይኑርህ። ካሜራህ ጠዋቱን 13 ሰዓት ብሎ ከመዘገበው ግን መቀነስ ነው ያለብህ፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ፎቶ ከፍተህ እይ።

ቪዲዮዎቹ 3 ሰዓት ወደኋላ ከሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የቪዲዮ ፋይል ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚይዘው፣ ፎቶ ግን ካሜራው ላይ የሚታየውን። የሰርቨሩንም የፒኤችፒውንም የሰዓት ክልል አፍሪካ፣ አዲስ አበባ አድርጋቸው።

ለሚቀጥለው ከተራ ደግሞ፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለታችሁም የአንዱን ስልክ ሰዓት በየካሜራችሁ አንሱት። ሰከንዱ የሚታይበት ይሁን። ስልኩ ያሳየውንና ካሜራው የመዘገበውን ስታነጻጽሩ ስንት መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለባችሁ እስከ ሰከንዱ ይታወቃል።